ዘይት የነካት ሽቦ

የሱዳኗን ገዳሪፍ ለቀው ሃያ ደቂቃ ያህል እንደሄዱ ቢጫዋ መብራት በራች። የሞተር ምስል ያለባት፣ ከፍጥነት መቁጠሪያው ሥር የምትገኝ ትንሽ መብራት ናት። ባንተአምላክ በሹፌሩና በነርሷ መካከል ተጣቦ ተቀምጦ ስለነበር ከሁሉም ቀድሞ ያያት እሱ ነው። አያትና ዓይኑን ወደ መንገዱ መለሰ። ያላያት ሰው መሰለ።

ነርሷ ራሒማ ጉልበቷ ላይ የበረዶ ሣጥን አቅፋለች። ሣጥኑ ውስጥ የእባብ መርዝ ማርከሻ አለ፣ አራት ብልቃጥ። የምትሠራው ከሀዋታ ወዲያ ባለች የእርሻ መንደር ጤና ጣቢያ ነው። መድኃኒት ለመውሰድ ገዳሪፍ መጥታ ሳለ ነው ትናንት አመሻሽ የሥራ ባልደረባዋ የደወለላት፤ አንድ ሐበሻ አራሚ ሰሊጥ ውስጥ እባብ ነድፎት ድዱ መድማት ጀምሯል፣ ማርከሻው ደግሞ እኛ ዘንድ አልቋል፣ አላት። ራሒማ ሌሊቱን ስትዞር አድራ አራቱን ብልቃጥ አገኘች።

የተነደፈው ክንፉ ነው፤ የባንተአምላክ ታናሽ ወንድም። ሁለት ዓመት አይሆነውም ከአገር ከወጣ። «ና፣ እዚህ ቢያንስ ተኩስ የለም» ብሎ የጠራው ባንተአምላክ ነው። አረም ሥራ ላይም ያስገባው እሱ ነው፤ የእርሻውን ወኪል ለምኖ።

ባንተአምላክ የቋራ ሰው ነው። በሃያ ዓመቱ ለአንድ ክረምት ብሎ ድንበሩን ተሻገረና ሃያ ሦስት ክረምት ቆየ። መጀመሪያ አራሚ ነበር፣ ቀጥሎ ትራክተር አጣቢ፣ ቀጥሎ የትራክተር መካኒክ ረዳት። በሀዋታ ሜዳ ላይ አሥራ አንድ ዓመት ከትራክተር ሥር ተኝቶ ኖረ ማለት ይቻላል። ከዚያ ገዳሪፍ ገብቶ የአብዱልናስር ጋራዥ ተቀጠረ። ስሙን ይጽፋል፣ ቁጥር ያነባል፤ ከዚያ ያለፈ ወረቀት ሲሰጡት «መነጽሬን ረስቸ» ይላል። መነጽር ኖሮት አያውቅም። በዚህም የተነሣ በጋራዡ ድምፁ የማይሰማ ሰው ነው። ሌሎቹ በአንድ መኪና ላይ ሲከራከሩ እሱ ጆሮውን ወደ ሞተሩ ያስጠጋል፤ የሰማውን ግን ካልጠየቁት አይናገርም። ሲጠይቁትም «እንጃ፣ ይመስለኛል» ብሎ ነው የሚጀምር።

አሁንም ሰምቷል። ሹፌሩ ሁዜይፋ ማርሽ ሲቀይር ሞተሩ አንዴ ትንፋሽ አጥሮት ነበር።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለ ሁዜይፋ ድንገት። መብራቷን አያት። «ወላሂ አሁን ነው የበራች! ባንቴ፣ አይተሃል?»

«አየሁ» አለ ባንተአምላክ።

ሁዜይፋ የዚህችው ፒካፕ ባለቤትም ሹፌርም ነው። አባትና እናቱ በሰባ ሰባቱ ረሀብ ከጎንደር የመጡ ሙስሊሞች ናቸው፤ እሱ ግን ገዳሪፍ ተወልዶ ገዳሪፍ አደገ። አማርኛው ሲቸኩል ወደ ዓረብኛ ይሸሽበታል። ጧት ባንተአምላክ የወንድሙን ነገር ሲነግረው ሁለተኛ ቃል አላናገረውም፤ «ግባ» ብሎ አስነሣ።

ጥቂት እንደሄዱ መኪናዋ መንቀጥቀጥ ጀመረች። ሁዜይፋ ነዳጅ ሲረግጥ እንደመታነቅ ትላለች፤ ሲለቅ ትሻላለች። ሁዜይፋ ዳር ይዞ አቆመ። ከመሪው ሥር ያለው መሰኪያ ላይ የክብሪት ቀፎ የምታህል መሣሪያ ሰካ፤ ስልኩን ከፈተ። የመኪናዋ ኮምፒውተር የመዘገበውን ጥፋት በስልክ የምታሳይ መሣሪያ ናት፤ ከካርቱም የሸሸ ነጋዴ ነው የሸጠለት።

«አንድ፣ ሰባት፣ አንድ» አለ ሁዜይፋ። ከሥሩ ያለውን የዓረብኛ ጽሑፍ በሆዱ አነበበና ወደ አማርኛ መለሰው። «ድብልቁ ቀጥኗል፣ ቤንዚን አንሷል ይላል። ኸላስ፣ አወቅሁት! የኦክስጅን ሴንሰሩ ነው። ጭስ ማውጫው ላይ ያለው። ባለፈው ሳምንት እኮ አዲስ ነው ያስገባሁት! ያ ሌባ አሮጌ አጥቦ ሸጠልኝ።»

«ለምን ነበር የቀየርኸው?» አለች ራሒማ።

«ያኔም ይችው መብራት በርታ ነበራ። ይሄንኑ ቁጥር ነበር የጻፈው።»

ባንተአምላክ መብራቷ ባለፈው ሳምንትም በርታ እንደነበር አላወቀም፤ ሁዜይፋ ሴንሰሩን ያስቀየረው ሌላ ቦታ ነው። ቁጥሩን ግን ያውቀዋል። አንድ፣ ሰባት፣ አንድ ሲል ጭስ ማውጫው ላይ ያለው ሴንሰር ጥፋተኛ ነው ማለት አይደለም። እሱ ያየውን የሚመሰክር ነው፤ ቤንዚኑ አነሰ ብሎ እውነቱን ነው የተናገረ። ሰው ግን ምስክሩን ይዞ ያስራል። ቤንዚኑን ያሳነሰው ሌላ ነው።

ማን እንደሆነም ባንተአምላክ መብራቷ ስትበራ ጠርጥሮ ነበር፤ አሁን አወቀ።

ሦስት ሳምንት ይሆነዋል። ዘንድሮ ዝናቡ ዘገየና ሀቡብ የሚሉት የአቧራ ማዕበል ከተማውን እያለበሰው ሄደ። ሁዜይፋ ጋራዥ መጥቶ «ባንቴ፣ ይችን ቦክሲ አቧራ እንዳይበላብኝ አንድ ነገር አድርግልኝ» አለው። ፒካፕን ቦክሲ ነው የሚሏት እዚያ አገር። ባንተአምላክም በእርሻው የለመደውን አደረገ። የድሮ ትራክተር የአየር ማጣሪያ ከሥሩ ዘይት የሚቋጥር ሳህን አለው። አቧራው ዘይቱ ላይ ተጣብቆ ይቀርና ሞተሩ ንጹሕ አየር ይስባል። አሥራ አንድ ዓመት ያንን ዘይት ሲቀይር ኖሯል። እናም የቦክሲዋን የወረቀት ማጣሪያ አወጣ፣ ጨርቅ የሞተር ዘይት እየነከረ ቀባው፣ መልሶ ገጠመው። ዘይት ቀባበት ብሎ ያዘዘው ግን የለም። እንዲያውም ጥሩ ነገር የሠራ መስሎት ደስ ብሎት ነበር።

ይህች መኪና ግን ትራክተር አይደለችም። ከማጣሪያው ወዲያ፣ አየሩ በሚያልፍበት ቱቦ ውስጥ፣ እንደ ፀጉር የቀጠነች ሽቦ አለች። ሽቦዋ በኤሌክትሪክ ትሞቃለች፤ የሚያልፈው አየር ያበርዳታል። በበረደችው ልክ ስንት አየር እንደገባ ለኮምፒውተሩ ትነግራለች፣ ኮምፒውተሩም በዚያው መጠን ቤንዚን ይሰፍራል። ዘይትና አቧራ ከለበሰች ግን አየሩ አይሰማትም። ብዙ አየር ሲያልፍ ትንሽ ነው ትላለች። ቤንዚኑ ያንሳል፣ ሞተሩም ይራባል።

ተናገር አለው ሆዱ። ግን ምናልባት እንዲሁ ይደርሱ ይሆናል ብሎ አሰበ። ቀስ ብለው ቢሄዱ። እነሱን አድርሶ በኋላ፣ ብቻውን ሲሆን፣ ማንም ሳያይ ያጸዳዋል።

«ቀስ ብለህ ንዳ እስቲ» አለ ብቻ።

ቀስ ብለው ሄዱ። በአንድ ሰዓት ሊሄዱ የሚገባቸውን በሁለት ሰዓት ሄዱ። አስፋልቱ አልቆ ዋልካው መንገድ ላይ ገቡ። ዋልካ ሲደርቅ እንደ ድንጋይ ነው፤ ዝናብ ሲነካው ግን ጎማ ይዞ አይለቅም፣ መንገዱ ለቀናት ይዘጋል። በስተምሥራቅ በኩል ሰማዩ ጠቁሮ ነበር። ራሒማ ሣጥኑን በከፈተች ቁጥር በረዶው እያነሰ፣ ውሃው እየበዛ ሄደ።

ስልኳ ጮኸ። አዳመጠች፤ «እሽ፣ እሽ፣ እየመጣን ነው» ብላ ዘጋች።

«ምን አሉ?» አለ ባንተአምላክ።

ራሒማ ስልኩን ሣጥኑ ላይ አኖረች። «ሽንቱ ደም ሆኗል ጋሼ። ደሙን በብልቃጥ ቀድተው አስቀምጠውት ነበር፣ አልረጋም። ውሃ እንደሆነ ቀርቷል። መርዙ ደሙን እንዳይረጋ እያደረገው ነው። በጊዜ ካልደረስን ውስጥ ለውስጥ ነው የሚፈስ።»

ያን ጊዜ ሞተሩ ሁለት ጊዜ ተናነቀና ጠፋ።

ሁዜይፋ ቁልፉን አዞረ። ተነሣ፣ ተንገዳገደ፣ ጠፋ። እንደገና አዞረ። መሪውን በጡጫ መታው። «በስ! በቃ! እመለሳለሁ። እየተንፏቀቅንም ቢሆን ገዳሪፍ ደርሰን ኮምፒውተር ያለው ሰው ይየው። ወይ ሌላ መኪና ትይዛላችሁ።»

«ከተመለስን ዛሬ አንደርስም» አለች ራሒማ። «ሰማዩን አላየኸውም? ይሄ መንገድ ከቀትር በኋላ አይኖርም።»

«ታዲያ ምን ላድርግ ያ ራሒማ? ልሸከማችሁ? ሴንሰር ከየት ላምጣ ከዚህ ሜዳ?»

«ሴንሰሩ አልዋሸም» አለ ባንተአምላክ።

ድምፁ ስለቀጠነ ሁዜይፋ አልሰማውም። ራሒማ ግን ዞር አለች። «ምን አሉ ጋሼ ባንተአምላክ?»

ባንተአምላክ ድምፁን ከፍ አደረገ። «ሴንሰሩ አልዋሸም ነው የምለው። የሸጠልህም ሰው ሌባ አይደለም። እኔ ነኝ። ማጣሪያውን ዘይት ቀብቸዋለሁ፤ ያን ጊዜ፣ ለሀቡቡ። ዘይቱ አልፎ የአየሩን ሽቦ ነክቷታል። ይመስለ...» አለና ተወው። «አይመስለኝም። ነው። መብራቷ ስትበራ ነው ያወቅሁት።»

ሁዜይፋ እጁን ከመሪው አወረደ።

«ስትበራ?» አለ ሁዜይፋ። «ገዳሪፍ አፍንጫ ሥር? ሁለት ሰዓት ሙሉ እያወቅህ ነው እዚህ መሀላችን የተቀመጥኸው? ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣ ወንድምህ እኮ ነው የሚሞተው! የኔ አይደለም!»

«አውቃለሁ።»

«ዘይት! ምን መስሎህ ነው፣ እንቁላል ልትጠብስባት? ቦክሲዬን ትራክተር አደረግሃት? ሞፈር ለምን አልቀጠልህላትም በዚያው!»

«ሁዜይፋ» አለች ራሒማ፣ «በኋላ ትሰድበዋለህ። ጋሼ፣ ይሠራል ወይስ አይሠራም? እሱን ይንገሩኝ።»

ባንተአምላክ ወርዶ የሞተሩን ክዳን ከፈተ። ሁዜይፋ እየተነጫነጨ ተከተለው። «መጀመሪያ እንየው» አለ ባንተአምላክ። «አስነሣው። ሲንገዳገድ የሽቦዋን ሶኬት እነቅላታለሁ። ኮምፒውተሩ ከእሷ ወሬ ሲቀርበት በግምት ነው የሚሰፍር። ጥፋቱ ሌላ ከሆነ ሞተሩ ምንም አይሻለውም። የኔ ከሆነ ይስተካከላል።»

ሁዜይፋ ገብቶ ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ ተነሣና መንዘፍዘፍ ጀመረ። ባንተአምላክ ሶኬቷን በሁለት ጣቱ ይዞ አንድ አፍታ ቆመ። ሌላ ነገር በሆነ ብሎ ተመኘ፤ ቆሻሻ ቤንዚን፣ የተበሳ ቱቦ፣ ማንኛውም የሱ እጅ የሌለበት ነገር። ወዲያው የተመኘው ምን እንደሆነ ገባው። ሌላ ከሆነ ክንፉ አይተርፍም። ሶኬቷን ነቀላት።

ሞተሩ አንዴ ደንገጥ አለና ተስተካከለ። መንዘፍዘፉ ቆመ።

ሁዜይፋ በመስኮት አንገቱን አወጣ። ለመሳደብ አፉን ከፍቶ ነበር፤ ግን የባንተአምላክን ፊት አየና ተወው። «እንግዲያው እንዲሁ ነቅለን እንሂዳ» አለ።

«ሜዳውን ይሄዳል። ጉልበት ግን የለውም፤ ፊታችን ያለውን ኸር ወርዶ አይወጣም። መታጠብ አለባት።»

ኸር የሚሉት በጋ ደርቆ ክረምት የሚሞላውን የውሃ መውረጃ ነው። ከመንደሯ በፊት አንድ አለ፣ ዳርና ዳሩ ገደል የሆነ።

«በምን ትታጠባለች?» አለች ራሒማ።

«ውሃ አይሆንም። ቤንዚንም ቅባት ይተውባታል። አንች... መርፌ ስትወጊ የምትጠርጊበት ስፒሪት ይዘሻል?»

ይዛለች። ግማሽ ጠርሙስ የማይሞላ። ባንተአምላክ ሁለቱን ብሎን ፈትቶ ሴንሰሩን ከቱቦው አወጣው። ሽቦዋ ጥቁር ቡናማ ሆናለች፤ አቧራና ዘይት ተጋግሮባታል። ሁዜይፋ በኪሱ ያለውን መሐረብ አውጥቶ ሰጠው።

«አይነካም!» አለ ባንተአምላክ። ጮሆ ነበር የተናገረው፤ ራሱም ደነገጠ። ከዚያ ዝቅ አድርጎ «ጨርቅ ከነካት ትበጠሳለች። ሌላ ከየትም አናመጣም» አለ።

ራሒማ የስሪንጅ ማሸጊያ ቀድዳ መርፌውን ነቀለችና ስፒሪቱን ሞላችለት። ባንተአምላክ ትንፋሹን ይዞ በሽቦዋ ላይ ረጨው። ቡናማ ጠብታ እየወረደ እጁን አቆሸሸው። ደገመ። በአምስተኛው ጠብታው ጠራ፤ ሽቦዋ እንደ አዲስ አብረቀረቀች።

«ግጠማት!» አለ ሁዜይፋ።

«ትድረቅ።»

«ስንት ደቂቃ?»

«አሥር። እርጥብ ሆና ብትግል ትቃጠልብናለች።»

ያ አሥር ደቂቃ አላልቅ አለ። ነፋሱ ወደነሱ ዞሮ የዝናብ ሽታ አመጣ። ሁዜይፋ ሰዓቱን እያየ መኪናዋን ዞራት። ራሒማ ሣጥኑን በነጠላዋ ሸፍና ከፀሐይ ጋረደችው። ባንተአምላክ ያን ጊዜ ማጣሪያውን አወጣ። ወረቀቱ አብጦ፣ አቧራው በዘይቱ ተለውሶ ጭቃ ሆኗል። አንዴ አይቶት ከኋላ የጭነት ቦታው ላይ ወረወረው።

«በምን ልትተካው ነው?» አለ ሁዜይፋ።

«በምንም። ያለ ማጣሪያ እንሄዳለን።»

«ሞተሬን አፈር ይብላው?»

የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች የዚያን ጊዜ ወረዱ፤ ትልልቅ፣ አልፎ አልፎ፤ አቧራው ላይ ሲያርፉ ጠባሳ እያደረጉ። ባንተአምላክ ወደ ሰማይ አየ። «ዝናቡ አቧራውን ይይዝልናል። እሱን መልሰን ካስገባነው ዘይቱ እንደገና ይደርስባታል። ከዚህ ወዲያ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ነው። ሞተሩ አንድ ነገር ቢሆን እኔው ፈትቸ እኔው እገጥመዋለሁ።» ከዚያ ሁዜይፋን ዓይን ዓይኑን አየው። ይህን ሲያደርግ ሁዜይፋ አይቶት አያውቅም። «ንዳልኝ» አለው።

ሽቦዋን ገጠሟት። ሞተሩ በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሣ። ሁዜይፋ ረገጠው፤ አጓራ። ነገር ግን ቢጫዋ መብራት እንደበራች ናት።

«አልጠፋችም!» አለ።

«አትጠፋም። ኮምፒውተሩ አንዴ ያየውን ጥፋት ወዲያው አይተወውም። አንተ እሷን አትይ፣ ሞተሩን ስማ።»

ዝናቡ ከኋላቸው መጣ። ሁዜይፋ እንደዚያ ሲነዳ ባንተአምላክ አይቶት አያውቅም። ዋልካው ገና ላዩ ነው የራሰው፤ መኪናዋ ግን ወዲያና ወዲህ እየተንሸራተተች ነው። ከኸሩ ሲደርሱ ሥሩ ላይ ቀይ ውሃ መፍሰስ ጀምሮ ነበር፤ ለጊዜው ቁርጭምጭሚት አይሞላም። ሁዜይፋ «ቢስሚላህ» አለና ለቀቃት። ወረደች፣ ውሃውን ቀደደች፣ ዳገቱን ጀመረች። መሀል ላይ ጎማው ዞረ። የሞተሩ ድምፅ ዝቅ አለ። ባንተአምላክ ዓይኑን ጨፍኖ ሰማ፤ አልታነቀም። ችግሩ የጎማው እንጅ የሞተሩ አይደለም።

«አትልቀቅ፣ ርገጠው» አለ፣ «ይችላል።»

ሁዜይፋ ረገጠው። መኪናዋ ጭቃ እየተፋች ወጣች።

ጤና ጣቢያው ሲደርሱ አምስት ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር። ክንፉ አልጋ ላይ በጎኑ ተኝቷል፤ እግሩ እስከ ጉልበቱ አብጦ ቆዳው ተወጥሯል። ከንፈሩ ላይ የደረቀ ደም አለ። ወንድሙን አይቶ ለመነሣት ሞከረ።

«ተኛ፣ ተኛ።»

«መንገድ ቆያችሁ» አለ ክንፉ።

ባንተአምላክ መኪናው ነው ሊል ነበር። «እኔ አቆየሁት» አለ። «ስትድን እነግርሃለሁ።»

ራሒማ አራቱን ብልቃጥ በጉሉኮሱ ውስጥ ቀስ እያደረገች ሰጠችው። ከዚያ ነገረቻቸው፤ ስድስት ሰዓት ያህል ቆይታ ደሙን በንጹሕ ብልቃጥ ቀድታ ሃያ ደቂቃ ታቆመዋለች። ዘንበል ስታደርገው ከፈሰሰ መርዙ አለ ማለት ነው፣ ሌላ ማርከሻ ደግሞ የለም። ዝናቡ ጣሪያውን ሲደበድበው ውሏል፤ መንገዱ ተዘግቷል።

ባንተአምላክ አልጋው ሥር ተቀምጦ ዋለ። ሁዜይፋ ፉልና ዳቦ ይዞ መጣ፤ አጠገቡ ተቀመጠ። ግማሹን ሰጠው።

«ያን የሸጠልኝን ሰውዬ በገበያ መሀል ሰድቤዋለሁ» አለ እያላመጠ። «ባለፈው ሳምንት መብራቷ እስክትጠፋ፣ ሁለት ቀን ሙሉ።»

«እኔ ሄጀ እነግረዋለሁ።»

«አንተ? ትናገራለህ?»

«እናገራለሁ።»

ሁዜይፋ ሳቅ አለ፤ ከዚያ ወደ ክንፉ አየና ሳቁን ዋጠው።

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ራሒማ ደሙን ቀዳች። ብልቃጡን መስኮቱ ላይ አቆመችው፤ ማንም እንዳይነካው አስጠነቀቀች። ሃያ ደቂቃ። ባንተአምላክ ከብልቃጡ ፊት ቆሞ አልተነቃነቀም። ደሙ ጥቁር ቀይ ሆኖ ዝም ብሏል፤ ውሃ ይሁን እርጎ ሳይነኩት አይታወቅም።

ራሒማ መጣች። ሰዓቷን አየች። ብልቃጡን በሁለት ጣቷ አንሥታ ቀስ አድርጋ አዘነበለችው።

ደሙ አልፈሰሰም። ከሥሩ ተጣብቆ ቀረ።

ባንተአምላክ አላመነም። «እህቴ ራሒማ» አለ፣ «እስቲ አንድ ጊዜ ድገሚው።»

እሷም ሳትስቅበት ብልቃጡን ጭራሽ ገለበጠችለት።